የቀለመ ወርቅ ማዕዘናም ፊደል

የቀለመ ወርቅ እጅ ያጠረው ሃምሳ ዓመት በሞላው በዓመቱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዐይኔ ደከመ ብሎ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ዐይኑን አይጠረጥርም። ብራናውን ከፊቱ ራቅ ያደርገዋል፤ ፊደሉ ትንሽ ይጠራል። እንደገና ራቅ ያደርገዋል። በመጨረሻ ክንዱ ተዘርግቶ ያልቅና ፊደሉ ገና ብዥ እንዳለ ይቀራል። ታዲያ ጥፋቱ የክንድ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

ቀለመ ወርቅ ጸሐፊ ነበር። ጸሐፊ ሲባል የችሎት ማመልከቻ የሚጽፍ አይደለም፤ የፍየል ቆዳ ወጥሮ ፍቆ ብራና የሚያወጣ፣ ከጥቀርሻ ቀለም የሚያበስል፣ መቃ ቀርጾ ብርዕ የሚያደርግ፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ጸሐፊ ነው። ቤቱ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ደብር ቁልቁል፣ ከአንዲት ትንሽ የሚካኤል ደብር ጥግ ነበር። የጽሕፈቱ ደቃቅነት በጋይንት ይወራለታል። አንድ የፊደል ገበታ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ይጽፋል ይሉ ነበር፤ ይህን ሲሰማ "ኧረ ውሸት ነው" ብሎ አያውቅም።

ሚስቱ አበራሽ ስትቆጣ "አንተ" ትለዋለች፤ ስትቀልድበት "አንቱ"። ጣሊያን በወጣ በአሥራ አምስተኛው ዓመት ግድም፣ በዚያ በጋ፣ አንቱታው በዝቶ ነበር።

"አንቱ" አለችው አንድ ቀን፣ ጀርባውን ለደጁ ምሰሶ ሰጥቶ ብራናውን በተዘረጋ ክንዱ ይዞ ስታየው፣ "ብራናውን እኔ ልያዝልዎትና ከአጥሩ ማዶ ቆመው ይጻፉ?"

"ብርሃኑ ነው።"

"ብርሃኑማ ትናንትም ይኸው ነበር።"

"ትናንት ደመና አልነበረም።"

አበራሽ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከዳር እስከ ዳር አንድ ደመና የለበትም። ወደ ቤት ገባች፤ ከውስጥ ስትስቅ ይሰማል።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን ለሕዝብ የሚነበበው የደብሩ አሮጌ የመልአኩ መጽሐፍ ጠርዙን አይጥ በልቶት፣ መሐሉን ዝናብ ነክቶት፣ ምእመኑ ቆዳና እህል አዋጥቶ ቀለመ ወርቅ በአዲስ እንዲገለብጠው ሰጥቶታል። ሥራው አሥራ ሁለት ጥራዝ ነው፤ ጥራዞቹ በኋላ አንድ ላይ ተሰፍተው መጽሐፍ ይሆናሉ። ስምንቱን ጨርሷል። ለኅዳር ሚካኤል ተጠርዞ ይገባል ተብሎ ተቀጥሯል። ከፋሲካ ወዲህ ግን አንድ ቅጠል አልተጨመረም። ለጠየቀው ሁሉ ምክንያት አላጣም፤ አንዴ ቆዳው አልደረቀም፣ አንዴ ቀለሙ አልበሰለም፣ አንዴ ብርዑ ተሰነጠቀ።

በአገሩ ልማድ መጽሐፍ ሲያልቅ ጸሐፊው በመጨረሻው ቅጠል ላይ የራሱንና የሚወዳቸውን ስም አስፍሮ አንባቢውን "አስቡን" ብሎ ይለምናል። መጽሐፉ በተነበበ ቁጥር፣ ጸሐፊው ከሞተ በኋላም እንኳ፣ እነዚያ ስሞች በሰው ፊት ይጠራሉ። ይህ ልመና መጽሐፉን ጽፎ የጨረሰው ሰው ድርሻ ነው። ቀለመ ወርቅና አበራሽ ፈትለወርቅ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በአሥራ አንድ ዓመቷ ትኩሳት ይዟት በአራተኛው ቀን ሞተች፤ አምስት ዓመት አልፏል። መጽሐፉን የተቀበለ ዕለት ለአበራሽ "በመጨረሻው ቅጠል በእጄ አሰፍራታለሁ" ብሏታል። አበራሽ በሌላው ሁሉ ትቀልዳለች እንጂ በዚህ አትቀልድም። ኅዳር መቼ እንደሚገባም አትጠይቀውም፤ ታውቀዋለችና።

እንግዲህ ዐይኔ ደከመ ካለ ሥራው ለደምሌ ይሰጣል። ደምሌ ከእሱ ዘንድ ጽሕፈት የተማረ ጎበዝ ሰው ነው፤ እጁም ዐይኑም ገና ነው። ደምሌም የራሱ ሙታን አሉት።

በሰኔ ሚካኤል ቄሰ ገበዝ ገብረ ኢየሱስ "ያለቀውን አምጣው፣ ለሕዝቡ እናሰማው" ብለው ስምንቱን ጥራዝ ወሰዱ። ቄሰ ገበዝ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ሰባውን አልፈዋል፤ ያን መጽሐፍ ለሕዝብ ሲያነቡ አርባ ዓመታቸው ነው። ቀለመ ወርቅ ጥራዙን ካስረከበ በኋላ የመስመሩን ልክ በልቡ ሲያሰላ አንድ መስመር ትርፍ መጣበት። ደንግጦ ወደ ኋላ አሰበ። በሰባተኛው ጥራዝ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ጽፎታል! ብርዑን ቀለም አጥቅሶ ሲመለስ ዐይኑ መስመሩ ላይ አርፎ ሳያውቀው ደግሞታል።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዝ ማንበብ ሲጀምሩ ቀለመ ወርቅ ምሰሶ ተደግፎ ቆመ። ሰባተኛው ጥራዝ ደረሰ። መስመሩ ደረሰ። አሁን ሁለት ጊዜ ያነቡታል፤ ሕዝቡ ይሳሳቃል፤ ደምሌ ቀና ብሎ ያየኛል አለ በልቡ። ቄሰ ገበዝ ግን መስመሩን አንድ ጊዜ ብቻ ብለው፣ ሳይደናቀፉ፣ ድምፃቸው እንኳ ሳይለወጥ እንደ ውኃ ፈሰው አለፉ።

መልአኩ ሸፈነኝ አለ ቀለመ ወርቅ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሁለት ጧፍ አበራ።

ዓርብ ቆዳ ፍለጋ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ወረደ። ቆዳ የሚገዛው ከሸሪፍ ነው። ሸሪፍ ከገበያው ጫፍ ሱቅ ያለው፣ ጨርቅና ጨው የሚሸጥ፣ ቆዳም የሚሰበስብ የከተማው እስላም ነጋዴ ነበር። ሁለቱ ከጎረምሳነታቸው ጀምረው ይተዋወቃሉ፤ በተገናኙ ቁጥር ሳይነካኩ አይለያዩም።

"ይኼ የክርስቲያን ፍየል ነው?" አለ ቀለመ ወርቅ፣ ቆዳውን በክንዱ ርቀት ይዞ እያገላበጠ።

"ክርስቲያን ነው። የክርስትና ስሙን ልንገርህ?"

"አትቀልድ፣ የመጽሐፍ ቆዳ ነው።"

"የገዛሁት ከማርያም ሰበካ ካለ ገበሬ ነው። ፍየሉ ጾም ያድር ነበር። ይበቃሃል?" ሸሪፍ አጠገቡ ተቀመጠ። "ቀለሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ስሜን ጻፍልኝ።"

"በምን ላይ?"

"በቆርቆሮ ላይ።"

ሸሪፍ በዚያ ዓመት ሱቁን ቆርቆሮ አልብሶታል። የሚስቱ ወንድም ራሺድም ወዲያው ከጎኑ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። አሁን ከቁልቁለቱ የሚወርድ ገበያተኛ ሁለት የሚያብለጨልጭ ጣሪያ እያየ የቱ የሸሪፍ እንደሆነ ግራ ይገባዋል፤ ግራ ሲገባው ደግሞ ለመንገዱ ወደሚቀርበው ወደ ራሺድ ይገባል።

"እኔ በቆርቆሮ ላይ አልጽፍም" አለ ቀለመ ወርቅ።

"ለምን? ቆርቆሮ እንደ ፍየል አይሸትም።"

"እሺ ጻፍኩት እንበል። በዚህ ገበያ ማንበብ የሚችል ስንት ሰው አለ?"

"ሃያ ቢሆን ነው። የማይችለው የሚችለውን ምን ይላል ብሎ ይጠይቃል። የሸሪፍ ሱቅ ይላል ይለዋል። ሁለት ሰው ስሜን ጠራ ማለት ነው። ሁሉም የሚያነብ ቢሆንማ ዝም ብሎ አንብቦ ያልፋል፤ ምን ይጠቅመኛል?"

ቀለመ ወርቅ ቆዳውን ገለበጠ። "ከየት ሆኖ ነው የሚነበበው?" አለ።

"ከቁልቁለቱ ራስ።"

ቀለመ ወርቅ ቀና ብሎ ወደ ቁልቁለቱ አየ። "እዚያ አህያ የሚነዳው ሰውዬ ካለበት?"

ሸሪፍ ዐይኑን አጨንቁሮ አየ። "አህያ ነው እንዴ እሱ? እኔ ቁጥቋጦ መስሎኝ።"

"አህያ ነው እንጂ። ግራ ጆሮዋ ቁርጥ ነው።"

ሸሪፍ ወዳጁን አየው። በክንዱ ርቀት የያዘውን ቆዳም አየው። ሊል ያሰበውን ዋጠና "እንግዲያው ላንተ የተፈጠረ ሥራ ነው" አለ ብቻ።

ቀለመ ወርቅ እሺ ያለው ለሸሪፍ ብሎ ነው፤ ለአበራሽም እንደዚያ አላት። እውነቱ ግን የክንድ ቁመት ያለው ፊደል ሲያስብ በልቡ ወለል ብሎ ታየው፤ ፊደል ወለል ብሎ ከታየው ቆይቶ ነበር።

የመጀመሪያውን በሐምሌ መግቢያ ጻፈው። ቀለሙን ራሱ አበሰለ። ሸሪፍ ከደሴ የዘይት ቀለም ላስመጣልህ ሲለው ተቆጣ። "የአያቶቼ ቀለም አራት መቶ ዓመት ይቆያል። የደሴው ስንት ዓመት ይቆያል?" አለው። ፊደሉንም በለመደው የቤተ ክርስቲያን ጉልሕ ጽሕፈት፣ ክቡ ክብ፣ ጅራቱ ለስላሳ አድርጎ ጣለው። ቆርቆሮ ግን እንደ ብራና ሜዳ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች ሸንተረር አለው። ክቡ በሸንተረሩ ላይ ሲያልፍ በየጉብታው ይሰበራል። የቅ ፊደል ሆድ ወድቆ እንደተሰነጠቀ ቅል ሆነ። ከቅርብ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ከቁልቁለቱ ራስ ሲያዩት ሸሪፍ ሱቁ ላይ እርጥብ ጭቃ የለጠፈ ይመስል ነበር።

ያም ሆኖ ብዙ አልታየም። በዚያው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ዝናብ መጣ። የአራት መቶ ዓመቱ ቀለም ቡና ፈልቶ እስኪወርድ ለሚበቃ ጊዜ እንኳ አልታገሠም። ከስሙ ሸ መጀመሪያ ቀለጠ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ፤ ሁሉም በሸንተረሩ ቦይ ቦይ እየወረደ ከክዳኑ ሥር ተጠልሎ በነበረ ነጭ በግ ላይ ተንጠባጠበ። የበጉ ባለቤት ጓዴ የሚባል ከስማዳ የመጣ ገበሬ ነው። በጉን ሲያይ ጮኸ።

"የጌታ ያለህ! ነጭ በግ ነድቼ መጥቼ ቡራቡሬ ልመልስ? ይኼንን በግ ማን ይለየዋል? እናቱ ራሷ አታውቀውም!"

ገበያው በሙሉ ከዝናቡ እየተጠለለ ሳቀ። ሸሪፍም ሳቀ፤ ቀለመ ወርቅ ግን ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነበር።

"አራት መቶ ዓመት አላልክም ነበር?" አለው ሸሪፍ።

"በብራና ላይ! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ!"

"እንግዲያው እኔ እስላሙ ሱቄን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ልግባልህ?"

ቀለመ ወርቅ በዝናብ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌላ ሰው በዚያ ይተወው ነበር። እሱ ግን የተረፈች አንድ ቆርቆሮ ከሸሪፍ ወስዶ ከግቢው አጥር ላይ አስደገፋትና ሸንተረሯን ይቆጥር ጀመር። ሦስት ቀን ሙሉ ቆጠረ። ከዚያ የገባው ነገር ይህ ነው፤ ፊደሉን ከቆርቆሮው ጋር ማጣላት አያዋጣም፣ ማስታረቅ እንጂ። የፊደል እግር ሁሉ ሁለት ሸንተረር ይወፍራል፣ በሸንተረሩም ልክ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በእግርና በእግር መካከል ሁለት ሸንተረር ነጭ ይተዋል። ክብ የሚባል ነገር አይኖርም፤ መዞር ያለበት ሁሉ ይታጠፋል። ጥቁሩ ብቻ ሳይሆን በመሐሉ የሚቀረው ነጭም ጠርዝ ይኖረዋል።

ዝናቡ ባረፈ ቁጥር እርጥቡ ግቢ ላይ ገመድ ወጥሮ፣ በምድጃ አመድ ፊደል እያሰመረ፣ ከአጥሩ ሥር ሄዶ ቆሞ ያያል። ሸ አላስቸገረውም፤ ከጥንትም ጎጆ ይመስላል፣ ክዳኑን ብቻ አቀናለት። የቅ ፊደልን ሆድ አራት ማዕዘን ቢሰጠው እንደ ጦር ጫፍ ሹል ሆነ። የ የሚለው ፊደል አልታጠፍም ብሎ ሁለት ቀን አስለፋው፤ በመጨረሻ እንደ ሰው ክርን አጠፈው።

አበራሽ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትገባ ግቢው መሐል ቆማ ዙሪያዋን አየች።

"ይኼን በበሬ ነው የጻፉት?"

"በገመድ ነው። አበራሽ፣ ውረጂ! ፊደል ላይ ቆምሽ!"

"አንቱ ግቢውን ሁሉ ፊደል አድርገውት የት ልቁም? እንስራዬን ይዤ ልብረር?" ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። "ይኼስ ወንፊት ነው?"

"ቅ ነው።"

"ምን አበሳጭተውት ነው እንዲህ የሾለው?"

እንስራዋን አውርዳ ተመለሰች። አበራሽ ፊደል አትቆጥርም። "የፈትለወርቅ መጀመሪያዋ የትኛው ነው?" አለች።

ቀለመ ወርቅ አመዱን ዘገነ፣ ገመዱን ወጠረ፣ ከጎተራው ጥግ ባለው ንጹሕ መሬት ላይ ፈ ፊደልን አሰመረላት፤ ትልቅ፣ ጠርዙ የጠራ፣ እግሩ የጸና ፈ። አበራሽ ካየችው በኋላ ወደ ሥራዋ ሄደች። በማግሥቱ ግን ዶሮዎቹ ሌላውን ፊደል ሁሉ ሲጭሩት ዝም ያለች ሴት፣ ወደ ጎተራው ጥግ ሲጠጉ ዱላ ይዛ ተነሣችባቸው።

ፍልሰታ እንደተፈታ ሁለተኛውን ጻፈ። አሁን የደሴውን የዘይት ቀለም እምቢ አላለም፤ ብሩሹን ከአህያ ጭራ ራሱ ሠራው። ሸሪፍ "ጥቂት ቀይ ጣል ብታደርግበትስ?" ሲለው ግን "ቀይ የቅዱሳን ስም መጻፊያ ነው" አለው።

"እንግዲያው ጥቁሩ ይበቃኛል" አለ ሸሪፍ። "እኔ ቅድስና አልጠየቅኩህም፣ ከሩቅ መታየት ነው የጠየቅኩህ።"

ታየም። ዓርብ ገበያተኛው ከቁልቁለቱ ራስ ብቅ ሲል ይቆማል። የማያነበው የሚያነበውን ይይዛል፤ ሸሪፍ እንዳለውም ስሙ ሲጠራ ዋለ። አንዱ "ፊደሉ ታጥቋል" አለ። ሌላው "እንደ ጭቃ ሹም ተገትሮ እኮ ነው የሚያየኝ" አለ። ጓዴ ሌላ ነጭ በግ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ፊደሉን አድንቆ ሲያበቃ በጉን ከክዳኑ አርቆ አሰረ። ጠጅ ሻጯ አማረችም ለደጇ እንዲጽፍላት ለመነችው፤ "ግን ማዕዘኑን ትንሽ አለስልስልኝ፣ እንግዶቼ ሲወጡ ይጋጩበታል" አለች።

ደምሌ ደግሞ እጅ ነሥቶ "የኔታ፣ ከብራና ወጥተው ቤት ክዳን ላይ ሰፈሩ አሉ። ፊደሉ ይዋጋል?" አለው።

"በሩቁ ለሚያነበው አይዋጋም" አለ ቀለመ ወርቅ። ሳቀ ይባላል፤ ግን ደስ አላለውም። አራቱ ጥራዝ ባዶ ነው፤ ኅዳር እየመጣ ነው፤ ደምሌም ይህን ያህል የቀለደው ጥራዙን አስቦ ሊሆን ይችላል።

ከጳጉሜን በፊት በነበረው ዓርብ ቄሰ ገበዝ ገብረ ኢየሱስ በበቅሎ ወደ ገበያ ወረዱ። ከቁልቁለቱ ራስ ላይ በቅሏቸውን አቆሙ። መንገዱ ተዘጋ፤ ከኋላ ያለው ሰው አክብሯቸው ዝም አለ። ቄሰ ገበዝ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆዩና ጮክ ብለው "የሸሪፍ... ሱቅ" አሉ፤ ደግመውም አሉት። ከዚያ በቅሎዋን ኮልኩለው በቀጥታ ሱቁ ድረስ መጥተው ወረዱ።

ቀለመ ወርቅ ከሸሪፍ ጋር ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያቸው ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፤ ተግሣጹን ለመቀበልም አንገቱን ደፋ።

"ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?"

"ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ የመጽሐፉ ቆዳ እስኪደርቅ ብዬ..."

"ፊደል ካየሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ታውቃለህ?" አሉ ቄሰ ገበዝ። "ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬ ከቁልቁለቱ ላይ አየሁ።"

ቀለመ ወርቅ አልገባውም። "እርስዎ? በየወሩ ያነቡ የለም እንዴ?"

"በየወሩ እገልጣለሁ። መግለጥና ማንበብ አንድ ነው? የአርባ ዓመት መጽሐፍ አፌ ያውቀዋል። ቅጠሉን የምገልጠው ሕዝቡ ደስ እንዲለው ነው።"

ቀለመ ወርቅ በጣቱ ወር ቆጠረ። ከዚያ ቀስ ብሎ "በሰኔ ሚካኤል... ሰባተኛው ጥራዝ ላይ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር" አለ።

"እኔ አንድ ጊዜ ነው ያልኩት።"

"አዎን አባቴ። መልአኩ ሸፈነኝ ብዬ ሁለት ጧፍ አብርቻለሁ።"

ቄሰ ገበዝ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ጧፉ የእኔ ነበር በለኛ!" አሉ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን ትክ ብለው አዩት። "አንተ መስመር የምትደግም ሰው አልነበርክም። ለምን ደገምከው?"

"ብርሃኑ..." አለ ቀለመ ወርቅ። ሸሪፍ ሌላ ወገን ያይ ጀመር። "እጄ አባቴ፣ እጄ አጥሮ..."

"እጅህ ነው?"

"ዐይኔ ነው" አለ። ያን ቃል ከአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር። ወዲያው ደግሞ፣ ሳይጠየቅ፣ "የልጄን ስም ሳላሰፍር መጽሐፉ ከእጄ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው የደበቅኩት" አለ።

ፈትለወርቅን ያጠመቁም የቀበሩም ቄሰ ገበዝ ናቸው። በመቋሚያቸው ወደ ቆርቆሮው አመለከቱ።

"ይኼኛው ይታይሃል?"

"ይታየኛል።"

"ለእኔም ይታየኛል። የቀሩትን አራት ጥራዞች በዚህ ጻፍልኝ።"

"አባቴ፣ በዚህ ፊደል አራቱ አሥር ይሆናሉ። ቆዳው አይበቃም።"

ሸሪፍ ይህን ጊዜ ዞረ። "ቆዳውን ለእኔ ተዉት፤ ስሜን ላሳመረበት ይሁን። ሁሉም ክርስቲያን ፍየሎች ናቸው፣ አባ፤ ጾም ያድሩ ነበር። ብቻ ቀለሜ፣ ስለ ነቢዩ፣ በመጽሐፉ መጨረሻ የሸሪፍ ሱቅ ብለህ እንዳትጽፍ። ሼሁ ይጣላኛል።"

ቀለመ ወርቅ የዕጣኑ ጢስ ሳይቀር ማዕዘን ያለው ይመስል በዚያ መስከረምና ጥቅምት ከማዕዘን ሌላ አላሰበም። የመቃውን አፍ እንደ ጣት አስፍቶ ቀረጸ። ብራና ላይ ክብ መጻፍ ይችል ነበር፤ ብራና ሸንተረር የለውም። ሆኖም ጠርዙን አልተወውም። ክብ ፊደል ዐይኑ ላይ ይንሸራተታል፤ ማዕዘኑን ግን እንደ እጄታ ይይዘዋል። በአንድ ቅጠል ላይ ስድስት መስመር ቢያሳርፍ ነው። የቅዱሳኑን ስም በቀይ ሲጽፍ ገጹ እሳት የተያያዘ ይመስላል። ብራናውን ጭኑ ላይ ሳይሆን መሬት አስቀምጦ፣ ረጅም ብርዕ ይዞ፣ ከላይ ወደ ታች እያየ ይጽፍ ነበር። አበራሽ "አንቱ፣ አረም ነው የሚያርሙት?" ትለው ነበር።

መጽሐፉ ተጠርዞ ሲያልቅ እርጉዝ መሰለ። ፊደሉ ሲጀምር ሹክ ይላል፤ ከስምንተኛው ጥራዝ በኋላ ይጮሃል። ለአንድ ሰው ስለከበደ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሁለት ሰዎች እንደ ታመመ ሰው ደግፈው ወደ ደብሩ ወሰዱት።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዝ መጽሐፉን ከመሐሉ፣ ከትልልቁ ፊደል አስከፈቱ። ማንበብ ጀመሩ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። እንደ ውኃ ይፈስ የነበረው ንባብ አሁን ይቆማል፤ ይነሣል፤ ቃሉን ከፊደል ፊደል ይለቅመዋል። አንዲት ሴት "ቄሰ ገበዝ እንዴት አረጁ!" ብላ አንሾካሾከች። ባሏም "አዲሱ መጽሐፍ ነው ያበላሸባቸው። በአሮጌው እንዴት ያምርላቸው ነበር" አለ። ለምን እንደቆሙና ለምን ቃሉን አንድ በአንድ እንደሚያጣጥሙት የሚያውቀው ቀለመ ወርቅ ብቻ ነበር። ዛሬ ምሰሶ አልተደገፈም።

የመጨረሻው ቅጠል ደረሰ። ቄሰ ገበዝ ብራናውን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጉት። "ጸሐፊውን ቀለመ ወርቅን፣ ሚስቱን አበራሽን አስቡ" ብለው አነበቡ። ቀጥሎ የልጅቱ የክርስትና ስም ነበር፣ ወለተ ሚካኤል፤ ሚካኤል የሚለው በቀይ። ከሥሩ፣ አበራሽ "መላእክት በዚያ ይጥሯት፣ እኔ የምጠራት በዚህ ነው" ስላለች፣ የቤት ስሟ ብቻውን አንድ መስመር ይዞ ተጽፏል። በሴቶች ወገን የቆመችው አበራሽ ከሩቅ የመጀመሪያዋን ፊደል አየችና ለየቻት።

"ፈትለወርቅ" አሉ ቄሰ ገበዝ። "ፈትለወርቅ" አሉ ደግመው፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘጉ።

ሕዝቡ ወጥቶ ከዋርካው ሥር ጠበል ጸዲቅ ሲቀምስ ቀለመ ወርቅ ቀረብ አላቸው።

"አባቴ፣ ስሟን የጻፍኩት አንድ ጊዜ ነው።"

"አውቃለሁ፤ ዛሬ እኮ አንብቤያለሁ" አሉ ቄሰ ገበዝ ዳቦውን እየቆረሱ። "በሰኔ አንድ መስመር ቀርቶብህ ነበር። ያንን መለስኩልህ።"

ቀለመ ወርቅና አበራሽ አብረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከበሩ ሲደርሱ አበራሽ ወደ ጎተራው ጥግ አየች። አመዱን ዝናቡ ካጠበው ቆይቷል።

"አንቱ" አለች፣ "የግቢያችኑ ፈ ይበልጥ ነበር።"

"ብራና እኮ ነው" አለ ቀለመ ወርቅ። "ያንን የሚያህል ፍየል ከየት ይምጣልሽ?"

"ሸሪፍ አያጣም" አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ቀድማው ገባች።